የድራይቨር የሜሞሪ ስህተት የፋንክሽን ስም በመቀየር ብቻ አይታረምም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ድራይቨሮች፣ ማለትም ከርነሉን ከመሣሪያዎች ጋር ስለሚያገናኙ ፕሮግራሞች፣ የወጣውን ጽሑፍ አንብበነዋል። እንዲህ ያለ ርዕስ በጋዜጣ ላይ መውጣቱ ደስ ይላል፤ ሁለት ነጥቦች ግን እንዲሁ ሊታለፉ አይገባም። አንደኛው፣ ሲስተሙ ለብዙ ሰዓት ሠርቶ ዳታ ያለ ምክንያት ቢበላሽ «ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ራሙ ነው» መባሉ ነው። ሁለተኛው፣ ጥፋተኛው ድራይቨሩ ከሆነ የፕሮግራምን ሜሞሪ የሚይዘውን «ጌት ዩዘር ፔጅስ» የሚባል ጥሪ በ«ፒን ዩዘር ፔጅስ» መተካት ይበቃል የሚለው ምክር ነው። የመጀመሪያው ሰውን ለአጉል ወጪ ይዳርጋል። ሁለተኛው በግማሽ ከተሠራ ቀድሞ ከነበረው የባሰ ስህተት ይወልዳል።

በራሙ እንጀምር። የተበላሸ ራም ብዙውን ጊዜ የሚያዛባው አንድ ቢት ነው፤ ጥፋቱም እዚያው ፊዚካል አድራሻ ላይ ይደጋገማል፣ የትኛው ፕሮግራም ቦታውን እንደያዘ አይመርጥም። ድራይቨር ያበላሸው ሜሞሪ መልኩ ሌላ ነው። ብልሽቱ በጅምላ ይመጣል፤ 512 ባይት፣ 4096 ባይት፣ ወይም መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚልከውን ያህል። የተበላሸው ቦታ ሲታይም ዝም ብሎ የተዘበራረቀ ቁጥር አይደለም፤ የቪዲዮ ምስል ቁራጭ፣ የኔትወርክ ፓኬት መጀመሪያ፣ የዲስክ ሴክተር ይዘት ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ያመጣው ዳታ በማይመለከተው ፕሮግራም ሜሞሪ ውስጥ ከተገኘ ራሙን መንቀል ትርፉ ድካም ነው። መሣሪያው ገና እየጻፈበት ሳለ ፔጁን (ከርነሉ ሜሞሪን የሚከፋፍልበትን ቁራጭ፣ ብዙ ጊዜ 4096 ባይት) የለቀቀው ኮድ አለ፤ የሚፈለገው እሱ ነው።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ለድራይቨሩ የባፈር (ዳታ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ክፍል) አድራሻ ይሰጠዋል። ያ አድራሻ ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ድራይቨሩ እንዳለ ለመሣሪያው ሊያሳልፈው አይችልም፤ ከአድራሻው በስተጀርባ ያሉትን ፔጆችም ከርነሉ በፈለገው ጊዜ ወደ ስዋፕ (ዲስክ ላይ ወዳለው የሜሞሪ መጠባበቂያ) ሊያወጣቸው ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውራቸው ይችላል። ስለዚህ ድራይቨሩ መጀመሪያ ፔጆቹን ፒን ያደርጋል (ከቦታቸው እንዳይነሡ ይይዛቸዋል)፣ ቀጥሎ ለዲኤምኤ፣ ማለትም መሣሪያው ያለ ሲፒዩ እገዛ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ ለሚያነብበትና ለሚጽፍበት መንገድ፣ ያዘጋጃቸዋል፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ይለቃቸዋል። የመያዙ ክፍል ሁልጊዜ ስለሚሮጥ ስህተቱ ቶሎ ይጋለጣል። የመልቀቁ ክፍል፣ በተለይም ሥራው መሐል ላይ ሲቋረጥ የሚኬድበት መንገድ፣ ለዓመታት ሳይሞከር ሊቀመጥ ይችላል።

በጽሑፋችሁ የታተመው የፔጅ ብዛት ቀመር የባፈሩን ርዝመት ለ4096 አካፍሎ ወደ ላይ ማጠጋጋት ነው። ባፈሩ ልክ ከፔጅ መጀመሪያ ከተነሣ ትክክል ይሆናል። ካልተነሣስ? ከፔጁ መጀመሪያ 4000 ባይት ርቆ የሚጀምር የ200 ባይት ባፈር እንውሰድ። የመጀመሪያው ፔጅ የቀረው 96 ባይት ብቻ ነው፤ የተረፈው 104 ባይት የሚያርፈው ቀጣዩ ፔጅ ላይ ነው። በቀመራችሁ መሠረት ድራይቨሩ 1 ፔጅ ይይዛል፣ መሣሪያው ግን ወደ 2 ፔጅ ይጽፋል። ትክክለኛው ስሌት የመጨረሻው ባይት ካለበት የፔጅ ቁጥር ላይ የመጀመሪያው ባይት ያለበትን የፔጅ ቁጥር ቀንሶ 1 መደመር ነው። ከዚያ በፊት ርዝመቱ ዜሮ ከሆነ ጥያቄውን ውድቅ ማድረግ ያስፈልጋል። አድራሻና ርዝመት ሲደመሩም ከቁጥሩ አቅም አልፈው፣ ዞረው ትንሽ ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉ፤ «ቼክ አድ ኦቨርፍሎው» የተባለው የከርነሉ ማክሮ ይህንን ለመያዝ ነው። 4096ን በቁጥር መጻፍ ራሱ ችግር አለው። በ64 ቢት አርም ላይ ከርነሉ በ16 ወይም በ64 ኪሎባይት ፔጅ ሊገነባ ስለሚችል «ፔጅ ሳይዝ» እና «ፔጅ ሺፍት» የሚሉትን የከርነሉን ስሞች መጠቀም ግድ ነው። በ4 ኪሎባይት ማሽን ላይ ብቻ የተሞከረ ድራይቨር ተሞክሯል ለማለት ያስቸግራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የተመለሰው ቁጥር ነው፤ በድራይቨር ኮድ ግምገማ ላይ ደጋግሞ የሚገጥመን ስህተትም ይኸው ነው። «ፒን ዩዘር ፔጅስ» 256 ፔጅ ተጠይቆ 180 ብቻ ይዞ ሊመለስ ይችላል። የአድራሻው ክልል መሐል ላይ ካለቀ፣ የተወሰነው ክፍል መጻፍ የተከለከለ ከሆነ፣ ሜሞሪ ከጠበበ ወይም ፕሮግራሙን የሚገድል ሲግናል ከደረሰ ይህ ይሆናል። የተመለሰው 180 ፖዘቲቭ ቁጥር ነው። «ከዜሮ ካነሰ ስህተት ነው» ብሎ ብቻ የሚፈትሽ ኮድ ሁሉም የተሳካ መስሎት ያልፋል፤ ከዚያ ያልተሞሉትን 76 የፔጅ ፖይንተሮች (የፔጆቹን ቦታ የሚጠቁሙ አድራሻዎች) ለዲኤምኤ ያቀርባል። ፖይንተሮቹ ባዶ ከሆኑ ከርነሉ ወዲያው ይወድቃል፤ ይህ የሚሻለው ዕድል ነው። የባሰው አሬይው (የፖይንተሮቹ ዝርዝር) ከቀድሞ ጥያቄ የቀሩ ፖይንተሮችን ከያዘ ነው፤ መሣሪያው ያኔ የሌላ በሆነ ፔጅ ላይ ሊጽፍ ይችላል።

የሚታረመው የተመለሰውን ቁጥር ከተጠየቀው ጋር በማነጻጸር ነው። ካነሰ የተያዙትን 180ዎቹን ብቻ ለቅቆ «ኢፎልት» (የተሳሳተ አድራሻ የሚል የስህተት ቁጥር) መመለስ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በስህተቱ መውጫ ላይ ያለው ሉፕ እስከ 256 ከቆጠረ ያልያዘውን ይለቃል። መልሱን የሚቀበለው ቫርያብል «አንሳይንድ» (ኔጋቲቭ ቁጥር የማይዝ) ከሆነ ደግሞ ኔጋቲቭ የስህተት ቁጥር ግዙፍ ፖዘቲቭ ቁጥር ሆኖ ይነበባል፣ ፍተሻውም በሙሉ ከንቱ ይሆናል።

አሁን ወደ ስም ቅየራው እንምጣ። «ፒን ዩዘር ፔጅስ» ወደ ከርነሉ የገባው በ5.6 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ያስፈለገበት ምክንያት ከርነሉ አንድን ፔጅ ለአፍታ ከተመለከተው እና መሣሪያ ዳታ እንዲጽፍበት ከያዘው መለየት ስላልቻለ ነበር። ልዩነቱ የተቀመጠው በቆጠራው ውስጥ ነው፤ ለነጠላ ፔጅ «ጌት» በሪፈረንስ ካውንቱ (ፔጁን ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው በሚቆጥረው ቁጥር) ላይ 1 ሲጨምር «ፒን» 1024 ይጨምራል። እንግዲህ መያዣው ተቀይሮ መልቀቂያው የ«ጌት» ጥንድ የሆነው «ፑት ፔጅ» ሆኖ ቢቀር ምን እንደሚሆን እናስላ። በአንድ ፕሮግራም ብቻ የተያዘ ፔጅ ቆጠራው 1 ነው እንበል። ፒን ሲደረግ 1025 ይሆናል። «ፑት ፔጅ» 1 ቀንሶ 1024 ላይ ይተወዋል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ 1023 ይቀራል። ዜሮ አይደርስም፣ ፔጁም ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ለማንም አይመለስም። በእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ የ1 ሜጋባይት ባፈር የሚያቀርብ ፕሮግራም ከ1000 ጥያቄ በኋላ ሲዘጋ ወደ 1 ጊጋባይት የሚጠጋ ሜሞሪ ይዞ ይሄዳል። አንድ ባፈር ብቻ ደጋግሞ የሚጠቀም ፕሮግራም ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ የሚታይ ነገር የለም፤ የእያንዳንዱ ፔጅ ቆጠራ በየጥያቄው በ1023 እያደገ ከ2 ሚሊዮን ጥያቄ በላይ ሲያልፍ ወደ ኔጋቲቭ ይገለበጥና ከርነሉ ፔጁን እንደገና ማስያዝ እምቢ ይላል። ለሳምንታት በሰላም የሠራ ሲስተም አንድ ቀን በድንገት የሚቆመው እንዲህ ነው።

ተቃራኒው ከዚህ ይከፋል። በ«ጌት» የተያዘን ፔጅ የ«ፒን» ጥንድ በሆነው «አንፒን» መልቀቅ ከትንሽ ቁጥር ላይ 1024 ይቀንሳል። ቆጠራው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ በከርነሉ ሎግ ላይ «ባድ ፔጅ ስቴት» የሚል መልዕክት ሊወጣ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ማሽን ላይ የታየ ምንም ነገር አይታመንም። ስለዚህ አንድ ድራይቨር ወደ አዲሱ ጥሪ ሲዛወር መጀመሪያ የሚፈለገው «ፑት ፔጅ» የሚለው ቃል በሙሉ ነው፤ እያንዳንዱ ከየትኛው መያዣ ጋር እንደሚጣመር ሳይታወቅ አንድም መስመር መቀየር የለበትም። ድራይቨሩ ራሱ ያስመደባቸው ፔጆች በ«ፑት ፔጅ» ወይም በ«ፍሪ ፔጅስ» መለቀቃቸውን ይቀጥላሉ፤ እነሱን አብሮ መቀየር ሌላ ስህተት ነው።

ሜሞሪ ላይ የመጻፍ ፈቃዱ ጉዳይ አቅጣጫው ስለሚገለበጥ ብዙዎችን ያደናግራል። ፕሮግራሙ «ሪድ» ሲል መሣሪያው ወደ ሜሞሪ ይጽፋል፤ ስለዚህ «ፎል ራይት» የሚለው ባንዲራ (ፔጁ ላይ እንደሚጻፍ ለከርነሉ የሚናገረው ምልክት) የሚያስፈልገው ለ«ሪድ» ነው እንጂ ለ«ራይት» አይደለም። ባንዲራው ከተረሳና ፕሮግራሙ ባፈሩን ገና ካልነካው ከርነሉ የሚሰጠው ሁሉም ፕሮሰሶች የሚጋሩትን፣ በዜሮ ብቻ የተሞላውን የዜሮ ፔጅ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው እዚያ ላይ ሲጽፍ የመላው ሲስተም «ዜሮ» ዜሮ መሆኑን ያቆማል። ባፈሩ ለንባብ ብቻ የተፈቀደ ፋይል ቢሆን ደግሞ ተራ ተጠቃሚ በመሣሪያው እጅ ሊጽፍበት ያልተፈቀደለትን ፋይል ይለውጣል። ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሥጋት አይደለም። በደኅንነት ክፍተቶች መዝገብ ላይ ሲቪኢ-2021-39793 ተብሎ የተመዘገበው የማሊ ግራፊክስ ድራይቨር ክፍተት መነሻው ይኸው ነበር፤ ድራይቨሩ የመጻፍ ፈቃድ መጠየቅ አለመጠየቁን የሚወስነው የግራፊክስ ፕሮሰሰሩን ባንዲራ ብቻ አይቶ ነበር፣ የሲፒዩውን ሳያይ። ማስተካከያው አንዲት ሁኔታ መጨመር ነበር። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ዲኤምኤው «ፍሮም ዲቫይስ» (ከመሣሪያው ወደ ሜሞሪ) ወይም «ባይዳይሬክሽናል» (በሁለቱም አቅጣጫ) ከሆነ «ፎል ራይት» መኖር አለበት።

ወደ አለቃቀቁ ቅደም ተከተል እንለፍ፤ የዚህ ደብዳቤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። መሣሪያው ይቆማል፤ «ዲኤምኤ አንማፕ ኤስጂ» (የዲኤምኤ ዝግጅቱን የሚፈታው ጥሪ፣ ባጭሩ «አንማፕ») ይጠራል፤ መሣሪያው ጽፎ ከሆነ ፔጆቹ ደርቲ (ይዘታቸው የተለወጠ) ይባላሉ፤ ከዚያ ይለቀቃሉ፤ በመጨረሻ የፖይንተሮቹ አሬይ ይመለሳል። ብዙ ድራይቨሮች ሁለተኛውን እና አራተኛውን ያቀያይራሉ፤ በተለመደው ዴስክቶፕ ላይ ምንም ስለማይታይም ሳይያዝ ያልፋል። ተከራዩ ገና ሳይወጣ ቤቱን ለሌላ ማከራየት ማለት ነው። ለምን እንደሚያበላሽ በዝርዝር እንይ። መሣሪያው የፔጁን አድራሻ መድረስ የማይችል ሲሆን ከርነሉ መሐል ላይ «ባውንስ ባፈር» ያስቀምጣል፤ መሣሪያው እዚያ ይጽፋል፣ ዳታው ወደ እውነተኛው ፔጅ የሚገለበጠው «አንማፕ» ሲጠራ ነው። ፔጁ ቀድሞ ከተለቀቀ ግልባጩ የሚያርፈው በዚያ ቅጽበት ፔጁን በተረከበው ሌላ ፕሮግራም ላይ ነው። አይኦኤምኤምዩ (መሣሪያ የሚደርስበትን ሜሞሪ የሚቆጣጠር ሃርድዌር) ባለበት ማሽን ደግሞ የመሣሪያው መዳረሻ የሚዘጋው በ«አንማፕ» ነው፤ እስከዚያ በሩ ክፍት ነው። የሲፒዩው ካሽ (ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) እና ሜሞሪ በራሳቸው በማይጣጣሙባቸው የአርም ቺፖች ላይም ካሹ የሚጸዳው በዚሁ ጥሪ ነው። በነገራችን ላይ ለ«አንማፕ» የሚሰጠው ብዛት ለ«ማፕ» (ለዲኤምኤ ለሚያዘጋጀው ጥሪ) የተሰጠው እንጂ «ማፕ» የመለሰው አይደለም፤ አይኦኤምኤምዩው ተከታታይ ፔጆችን አዋህዶ ያነሰ ቁጥር ሊመልስ ይችላል።

ደርቲ ማለት ቢረሳ ዳታው ወዲያው አይጠፋም፤ ስህተቱን ለማግኘት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ከርነሉ ሜሞሪ ሲጠበው ፔጁ ያልተለወጠ መስሎት ወደ ዲስክ ሳይጽፈው ይጥለዋል፤ ተመልሶ ሲነበብ የድሮው ይዘት ይመጣል። «አንፒን ዩዘር ፔጅስ ደርቲ ሎክ» ሁለቱንም ሥራ በአንድ ይሠራል፣ ነገር ግን የፔጁን ሎክ ስለሚወስድ ሊተኛ (ሎኩ እስኪለቀቅ ሊጠብቅ) ይችላል። ስለዚህ ከኢንተራፕት ሃንድለር (መሣሪያው ሲጣራ ወዲያው ከሚሮጠውና መተኛት ከማይፈቀድለት ኮድ) ውስጥ አይጠራም። መሣሪያው መጨረሱን በኢንተራፕት ሲያሳውቅ መልቀቁ ወደ ወርክኪዩ ወይም ወደ ትሬድድ ኢንተራፕት፣ ማለትም መተኛት ወደሚፈቀድበት ኮድ፣ መተላለፍ አለበት።

ባፈሩ ለአንድ ጥሪ ብቻ ሳይሆን ተመዝግቦ ለሰዓታት የሚቆይ ከሆነ «ፎል ሎንግተርም» የሚለው ባንዲራ ይጨመራል። ከርነሉ ያን ጊዜ ፔጆቹን ከመያዙ በፊት ከተንቀሳቃሽ ዞን (ፔጆች መዛወር ከሚችሉበት ክፍል) እና ከሲኤምኤ (ለትልልቅ ተከታታይ ምደባ ከተጠበቀው) ክልል ያወጣቸዋል፤ ካልተደረገ ካሜራ ወይም የቪዲዮ ዲኮደር ትልቅ ተከታታይ ሜሞሪ ሲጠይቅ «የለም» ይባላል። የተያዘው መጠን በተጠቃሚው የ«ሜምሎክ» ገደብ (ከራም እንዳይወጣ ሊያስይዝ በሚችለው የሜሞሪ ጣሪያ) ላይም መቆጠር አለበት። ነባሪው ገደብ ከ5.16 እትም ጀምሮ 8 ሜጋባይት ነው፣ ማለትም 2048 የ4 ኪሎባይት ፔጆች። ሒሳቡ ሲመለስ ጥንቃቄ ያሻል። ፋይል ዲስክሪፕተሩ (ፕሮግራሙ መሣሪያውን የከፈተበት ቁጥር) በፎርክ (ፕሮሰስ ራሱን ሲያባዛ) ወደ ልጅ ፕሮሰስ ሊተላለፍ ስለሚችል መጨረሻ ላይ የዘጋው ፕሮሰስ መጀመሪያ ያስያዘው ላይሆን ይችላል። ድራይቨሩ በምዝገባው ጊዜ የነበረውን «ኤምኤም» (የፕሮሰሱን የሜሞሪ መዝገብ) ይዞ ማቆየትና ከእሱ ላይ መቀነስ አለበት፤ በመዝጊያው ላይ «ከረንት»ን (አሁን የሚሮጠውን ፕሮሰስ) የሚጠይቅ ኮድ ከሌላ ሰው ሒሳብ ይቀንሳል።

ስለ «ኤምማፕ»፣ ማለትም የመሣሪያን ሜሞሪ ለፕሮግራም በቀጥታ ስለሚያሳየው ጥሪ፣ ብዙ ማለት ይቻላል፤ አንድ ምሳሌ ይበቃል። መሣሪያው 64 ኪሎባይት፣ ማለትም 16 ፔጅ አለው። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ተጠቃሚው ከመነሻ 15 ላይ 2 ፔጅ ቢጠይቅ ሁለተኛው ከመሣሪያው ውጭ ያርፋልና መከልከል አለበት። «መነሻ ሲደመር ብዛት ከ16 ይበልጣል ወይ» የሚለው ፍተሻ መነሻው እጅግ ትልቅ ቁጥር ሲሆን ድምሩ ስለሚዞር ይታለላል። መነሻው 16 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይከልከል፤ ካልሆነ ብዛቱ ከ16 ላይ መነሻው ተቀንሶ ከሚቀረው ከበለጠ ይከልከል። ይህ አይዞርም። ድራይቨሩ ራሱ ያስመደበውን ፔጅ በ«ሪማፕ ፒኤፍኤን ሬንጅ» ለፕሮግራሙ ካሳየ ጥሪው ቆጠራውን አይጨምርም፤ ከዚያ በአይኦክትል (ፕሮግራም ለድራይቨሩ ትዕዛዝ በሚልክበት ጥሪ) ፔጁን የሚያስለቅቅ ትዕዛዝ ካለ ፕሮግራሙ የተለቀቀ ሜሞሪ ማየቱንና መጻፉን ይቀጥላል። «ቪኤም ኢንሰርት ፔጅ» ቆጠራውን ስለሚጨምር ለእንዲህ ዓይነቱ ይሻላል።

ለምርመራ ካሳን (የተሳሳተ የሜሞሪ አጠቃቀምን የሚይዝ)፣ ሎክዴፕ (የሎክ ስህተትን የሚይዝ) እና የዲኤምኤ ኤፒአይ ዲበግ በርተው የተገነባ ከርነል ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ያልተፈታ ማፒንግንና የተሳሳተ ብዛትን ራሱ ይናገራል። በ«ቪኤምስታት» ፋይል ውስጥ የተያዙና የተለቀቁ ፒኖችን የሚቆጥሩ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ማንም ፒን የማያደርግበት ጸጥ ያለ ማሽን ላይ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ከሙከራ ሙከራ እያደገ ከሄደ የሆነ ቦታ ልቀት ቀርቷል። ከዚያ ድራይቨሩን ማስጨነቅ ነው፦ ዝውውሩ መሐል ላይ ፕሮግራሙን በ9 ቁጥር ሲግናል መግደል፣ ባፈሩን «ሙንማፕ» ማድረግ (ከፕሮግራሙ ሜሞሪ ማስወገድ)፣ ፎርክ ማድረግ፣ ግማሹ ብቻ ሕጋዊ የሆነ አድራሻ መስጠት። የከርነሉን የስህተት ማስመሰያ አብርቶ የሜሞሪ ምደባ አልፎ አልፎ እንዲከሽፍ ማድረግ የተረሱትን የስህተት መውጫዎች አንድ በአንድ ያወጣቸዋል።

ማስተካከያው ሲላክ ሁለት ፓች (የኮድ ለውጥ) ይሁን እንጂ አንድ አይሁን። የመጀመሪያው የተሳሳተውን ቅደም ተከተልና ያልተሟላ መልስን ብቻ ያርም፣ ስህተቱን ያስገባውን ኮሚት (የተመዘገበ የቀድሞ ለውጥ) «ፊክስስ» በሚለው መስመር ይጥቀስ። ወደ ስቴብል እትሞች (ማስተካከያ ብቻ ወደሚገባባቸው የወጡ እትሞች) የሚገባ ፓች ከነዙሪያው መስመር ከ100 መስመር መብለጥ ስለሌለበት ስም ቅየራውን እዚያ ውስጥ ማጨቅ ማስተካከያውን ያስቀረዋል። ወደ «ፒን» የሚደረገው ሽግግር በሁለተኛው ፓች ይከተል። የ5.4 ከርነል የሚጠብቁ ሰዎች የመጀመሪያውን ይውሰዱ፣ ሁለተኛውን ይተዉ፤ እዚያ «ፒን ዩዘር ፔጅስ» የለም፣ ስለዚህ «ሴት ፔጅ ደርቲ ሎክ» እና «ፑት ፔጅ» ትክክለኛ ጥንድ ሆነው ይቀጥላሉ። የሜሞሪ ካርታው ሎክም በ5.8 ስሙ ስለተቀየረ ከአዲሱ ከርነል የተቀዳ መስመር በድሮው ላይ «ኤምማፕ ሴም» ተብሎ መጻፍ አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የከርነል ድራይቨር ባለሙያዎች